ደረጃችን በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል

የሥራ ቦታ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ተነጋግራችሁ የጻፋችሁት ነው የሚመስሉት። ባንክ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት፣ ሁሉም ጋ የሥራ ባልደረባ ተፎካካሪ ሆኗል። ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሱም እንደዚያው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ላይ እሠራለሁ። ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተመደበልን፤ እሱ ከመጣ ጀምሮ አርብ አርብ ማታ በቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማን ስንት ሂሳብ እንደከፈተ፣ ማን ስንት ተቀማጭ እንዳመጣ፣ ማን ስንት ሰው ሞባይል ባንኪንግ እንዳስመዘገበ ከነስማችን በደረጃ ይለጠፋል። አንደኛ ለወጣው የጭብጨባ ስቲከር ይዘንባል። መጨረሻ የወጣው ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ተነስቶ ምክንያቱን ይናገራል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጓደኛዬ ነበረች፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ስንት ጊዜ ሱቁ ድረስ ተመላልሼ ያሳመንኩትን ነጋዴ እኔ ፈቃድ የወጣሁ ቀን ደውላ ጠርታ በራሷ ስም አስመዘገበችው። ስጠይቃት "ምን ላድርግ፣ ሁለት ሳምንት ተከታትዬ መጨረሻ ወጥቻለሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነው። እኔም ብልጥ ሆኛለሁ፤ የደንበኛ ስልክ በግል ደብተሬ ነው የምይዘው፣ ለማንም አላሳይም። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ምን እንደምንሆን እግዜር ይወቅ። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ እኔም እንደነሱ ልሁን?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ከጓደኛሽ ልጀምር። ያደረገችው ነውር ነው፣ አላለሳልሰውም። ግን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንቺም የደንበኛ ስልክ መደበቅ መጀመርሽን አየሁ። አምና ሁለታችሁም እንዲህ አልነበራችሁም። በመሀል የመጣው አዲስ ነገር የአርቡ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ ቁጣሽን ከልጅቷ ላይ ትንሽ አንሺና ዝርዝሩን እንመርምረው።

ዝርዝሩ የሚቆጥረው ምንድነው? ሂሳቡን ሲስተም ላይ ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ ነው። አንድ ነጋዴ ግን ባንክ የሚቀይረው በአንድ ሰው ምክንያት አይደለም። ጥበቃው በአክብሮት አስገብቶታል፣ ገንዘብ ከፋዩ ሳያመላልስ አስተናግዶታል፣ አንቺ ሱቁ ድረስ ሄደሻል፣ የብድር ክፍሉ ልጅ ጥያቄውን በስልክ መልሶለታል። ይሄ ሁሉ ሥራ ሲያበቃ አንድ ስም ብቻ ይለጠፋል። ሌላው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይለፋል? ጥበቃውማ ዝርዝሩ ውስጥም የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ደረጃ ሁልጊዜ መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ሰባት ናችሁ እንበል፤ ሰባታችሁም በዚያ ሳምንት ተዓምር ብትሠሩ አንዳችሁ ሰባተኛ ትወጣላችሁ፤ ሰባተኛዋም ሰኞ ጠዋት ተነስታ ምክንያት ትናገራለች። በዒላማና በደረጃ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። "ታርጌታችን ይህን ያህል ነው" ከተባለ ሁላችሁም ልትደርሱበት ትችላላችሁ፣ አንዷ ለሌላዋ ብትረዳም ምንም አይጎድልባትም። በደረጃ ግን እኔ ከፍ እንድል አንቺ ዝቅ ማለት አለብሽ። የጓደኛሽን እጅ ነጋዴው ላይ ያዘረጋው ይሄ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛውን አንቺ ራስሽ ነግረሽኛል፣ ደብተርሽን። ነገ ብትታመሚ ያ ደንበኛ ይመጣል፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ያጣል፣ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሰውየው ተናዶ ቢሄድ የት ይሄዳል? አገሩ ላይ ከ30 በላይ ባንክ አለ፤ ምናልባት ማዶ ያለው ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ አንዱ ይጠብቀዋል። እናንተ እርስ በርስ ስትሻሙ ማዶ ያለው ባንክ ይወስደዋል ማለት ነው። የሚገርመኝ እንዲህ ያለውን ፉክክር የሚያመጡት ሰዎች ይህንን "ለገበያ ውድድር መዘጋጀት" ማለታቸው ነው።

ሰኔ 30ን አንስተሻል። የባጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ምን እንደሚደረግ ባንክ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቁትን ባለሀብት "እባክህ ለጥቂት ቀን አስቀምጥልኝ" ብሎ መለመን፣ ገንዘቡ በሰኔ የመጨረሻ ቀናት መግባቱ፣ ሐምሌ ገና ሳይሞቅ መውጣቱ። ወረቀት ላይ ቅርንጫፉ አድጓል። ካዝናው ግን ያው ነው። ሂሳብ መክፈቱም እንደዚሁ ነው፤ የአክስት ልጅ፣ የሠፈር ጀበና ቡና ሻጭ፣ የዕድር አባል ሁሉ ተለምኖ ሂሳብ ይከፍትና ሁለተኛ አይነካውም። ቁጥሩ አንደኛ አስወጥቶሽ ሊሆን ይችላል፣ ለባንኩ ግን ወጪ ነው።

ይሄ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባል ትልቅ ባንክ አለ። ሠራተኞቹን ለእያንዳንዱ ደንበኛ እስከ 8 የሚደርስ ሂሳብና ካርድ እንዲሸጡ ያጣድፋቸው ነበር። ታርጌቱ የሚደረስበት ስላልሆነ ሠራተኞቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ መክፈት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዱ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 2 ሚሊዮን ገደማ ሂሳብና ካርድ ያለ ፈቃድ ተከፍቶ ሊሆን እንደሚችል ተነገረ፣ በኋላ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ለቀቀ፣ በ2020 ደግሞ ባንኩ ሌላ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንቺን የሚመለከትሽ ግን ሌላኛው ቁጥር ነው። በዚህ ጉዳይ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረዋል፣ አብዛኞቹም እንዳንቺ ከታች ያሉ ነበሩ። ግፊቱ ከላይ ወረደ፣ ቅጣቱ መጀመሪያ ያገኘው ታች ያለውን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ባለቤቱ ፊትሽ በሌለበት፣ ፋይዳ ቁጥሩ እጅሽ ላይ ስላለ ብቻ፣ ለማንም ሰው ሂሳብ አትክፈቺ፣ ሞባይል ባንኪንግም አታስመዝግቢ። "ሁሉም ያደርገዋል" ቢሉሽም። ኦዲት ሲመጣ የሚታየው ያንቺ መግቢያ ስም ነው፣ የሥራ አስኪያጁ አይደለም። ግድ ካሉሽ ትእዛዙን በኢሜይል እንዲልኩልሽ በትህትና ጠይቂ። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነገሩ ይቀራል።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልገምትም። እሱም ዲስትሪክት (ቅርንጫፎቹን የሚቆጣጠረው ቢሮ) ላይ ከሌሎች ቅርንጫፎች ጋር ተደርድሮ ደረጃ ይወጣለታል፣ ስብሰባ ላይ እሱም ተነስቶ ምክንያት ይናገር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ጭንቀት ላይ ናቸው። እሱ የደረሰበትን ወደ እናንተ አወረደው። ይሄን የምልሽ እንድታዝኚለት ብዬ ሳይሆን እንዴት እንደምታናግሪው እንድታውቂ ነው። ግሩፑ ላይ አትጻፊ፣ ሰኞ ስብሰባ ላይም አታንሺው። ሰው ፊት ከተነካ ይከላከላል። ብቻውን ሲሆን ግቢና "ዝርዝሩ ያስከፋናል" ከማለት ይልቅ በእሱ ቋንቋ ንገሪው፤ ደንበኛ እየተሻማን ነው፣ መረጃ እየተደባበቅን ነው፣ እንዲህ ከቀጠለ ቅርንጫፉ ደንበኛ ያጣል በይው። ከዚያ ቀለል ያለ ነገር ጠይቂ። ግሩፑ ላይ የቅርንጫፉ ድምር ብቻ ይለጠፍ፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ ይንገረን። ሁለት ሰው የለፋበት ደንበኛ ለሁለቱም ይቆጠር። ይሄን እምቢ የሚል ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም፣ ግን የሚቀበልም ሞልቷል፤ ምክንያቱም ደንበኛ ሲጠፋ ዲስትሪክት የሚጠይቀው እሱን ነው።

"መጨረሻ ከወጣሁ ያባርሩኛል" የሚለው ፍርሃት ደብዳቤሽ ውስጥ በግልጽ ባይጻፍም ይሸተኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቢው። አሠሪ በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ የሠራተኛው የመሥራት ችሎታ መቀነስ ነው፤ ይህ ግን የኅብረት ስምምነቱ (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት ውል) ሌላ ካላለ በስተቀር በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መረጋገጥ አለበት። ከሰው ሰባተኛ መውጣትና ሥራ አለመቻል አንድ አይደሉም። አንድ ዓመት አልፎሽ ዘጠኝ ዓመት ስላልሞላሽ የማስጠንቀቂያ ጊዜሽ ሁለት ወር ነው። ባንካችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለው የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ተቀበዪ፣ ስለ ምዘና የሚለውን ክፍል ፈልጊ። ለራስሽም የሠራሽውን በቀን በቀኑ መዝግቢ፣ የትኛው ደንበኛ ጋ መቼ እንደሄድሽ ጭምር። ይሄንን ግን በድብቅ ደብተር ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ በሚታይ ቦታ። ነጋዴውን መጀመሪያ ያናገርሽው አንቺ መሆንሽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይወስደውም ነበር።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ ከመልቀቅሽ በፊት ማዶ ያለው ባንክም አርብ ማታ ዝርዝር እንደማይለጥፍ አጣሪ። እዚያ የሚሠራ ሰው አታጪም።

ልጅቷን ደግሞ ምሳ ጋብዣት። ስለ ነጋዴው ተናገሪ፣ ያናደደሽን በግልጽ ንገሪያት፣ ከዚያ አንዳችሁ ፈቃድ ስትወጡ ሌላዋ ደንበኛውን ቀድማ ባናገረችው ልጅ ስም እንድትመዘግብላት ተስማሙ። ሁለት ሰው ከተስማማ ዝርዝሩ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ጥያቄ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ጋራዥ አለኝ፣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስድስት መካኒክና አራት ረዳቶች አሉኝ። ልጄ ቢዝነስ ተምሮ መጥቶ "አባዬ፣ ሠራተኞችህ ተኝተዋል፣ አወዳድራቸው" ይለኛል። ብዙ ገቢ ላስገባ መካኒክ በየወሩ ቦነስ፣ በዓመት መጨረሻ ትንሽ ያስገባው ይሰናበት ነው ሐሳቡ። እኔ ደስ አላለኝም፣ ግን መልስ አጣሁለት። አገራችንም "ምቀኛ አታሳጣኝ" ይላል አይደል? ፉክክር ሰው አያተጋም?

ባለ ጋራዡ፣ ከአዳማ

መልስ

ጋሼ፣ ያልተመቸዎት ነገር ትክክል ነው። ልጅዎም ግን ከባዶ ተነስቶ አልተናገረም፤ ተምሮት የመጣው ነገር በእውነትም የተሠራበት ነው። ጄነራል ኤሌክትሪክ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ አለቃ የነበሩት ጃክ ዌልች ሠራተኛን በየዓመቱ 20፣ 70 እና 10 በመቶ ብለው በሦስት ይከፍሉ ነበር፤ ላይኞቹ ይሸለማሉ፣ ታችኞቹ 10 በመቶ ይሰናበታሉ። ብዙ ኩባንያ ቀዳው። ማይክሮሶፍትም እንዲሁ ሠራተኞቹን ያስደረድር ነበርና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ተወው። ጎበዙ ጎበዝ አጠገብ መሥራት ጠላ፤ ከጎበዝ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ መግባት ማለት ደረጃን ማጣት ነዋ። ጄነራል ኤሌክትሪክ ራሱም በኋላ ዘዴውን ተሰናብቶታል። ልጅዎ ትምህርቱን የጨረሰው ዜናው ሳይደርሰው ይሆን? (አይቀየሙኝ፣ ቀልድ ነው።)

ለእርስዎ የሚጠጋው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ መደብር የመኪና ጥገና ማዕከላት ነበሩት። ሠራተኞቹን ይህን ያህል ሾክ፣ ይህን ያህል ሞላ፣ ይህን ያህል የፍሬን ሥራ አስገቡ ብሎ ኮታ ሰጣቸው፣ ክፍያቸውንም ከሽያጩ ጋር አሰረው። እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያ መንግሥት መርማሪዎች ደንበኛ መስለው መኪና እያስገቡ ሲፈትሹ ምንም ያልሆነ ዕቃ "ይቀየር" እየተባለ መሆኑን አገኙ። ሲርስ ኮሚሽኑን ለማንሳት ተገደደ። በአንድ ሰሞን የደንበኛ አመኔታ ገደል ገባ።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ እንምጣ። መካኒክ በገቢ ከተወዳደረ የፍሬን ሸራው ገና ስድስት ወር የሚሠራለትን ሰው "አልቋል" ይለዋል። ቀላል ሥራና ሀብታም ደንበኛ ላይ ይሻማሉ፤ ሁለት ቀን የሚያስለፋ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የኤሌክትሪክ ብልሽት የያዘች አሮጌ ቪትዝ ስትመጣ ሁሉም ስልክ ያነሳል። ከሁሉ የሚብሰው ረዳቶቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ዛሬ ዋናው መካኒክ ሞተር ሲያወርድ ረዳቱን ጠርቶ "ና እይ፣ ድምፁን ስማ" ይለዋል። ነገ ያ ልጅ ተፎካካሪው እንደሚሆንና ከሁለቱ አንዱ እንደሚባረር ካወቀ ያሳየዋል? ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚፈታው። እርስዎ ራስዎ ሙያውን የተማሩት ያልሰሰተ ሰው አግኝተው ሳይሆን አይቀርም።

ልጅዎ የያዘው እውነትም አለ። ከስድስቱ አንዱ ምናልባት በእውነት ተኝቷል፣ ሌሎቹም ያውቁታል፣ እሱን ዝም ማለት የሚሠራውን ያስቀይማል። ለእሱ ግን ውድድር መድኃኒት አይሆንም። አንድን ሰነፍ ለማንቃት ስድስት ሰው አይጣላም። እሱን ብቻውን ጠርተው፣ ምን እንደጎደለ በግልጽ ነግረው፣ ጊዜ ይስጡት።

ቦነሱን አይጣሉት፣ ይቀይሩት። የሚቆጠረው ገቢ ሳይሆን ተመልሶ ያልመጣ መኪና ይሁን። የተጠገነ መኪና በአንድ ወር ውስጥ በዚያው ብልሽት ካልተመለሰ ይቆጠራል፤ ከተመለሰ ሠሪው በነጻ ያስተካክላል። የወሩ ቦነስ ለጋራዡ በሙሉ ይሁንና ረዳቶቹም ድርሻ ይኑራቸው። ረዳት አስተምሮ ብቻውን ፍሬን እንዲሠራ ላበቃ መካኒክ ደግሞ ለብቻው ጨመር ያድርጉለት። ይሄን ለልጅዎ ይስጡትና ሒሳቡን እሱ ይሥራው፣ ለሱም ሥራ ይሆነዋል። ውድድር የሚጠቅምበት ቦታ ቢፈልግ ደግሞ መንገድ ማዶ ያሉትን ጋራዦች ያሳዩት፤ ዋጋቸውን፣ የሚወስድባቸውን ቀን፣ ደንበኛ ሲቆጣ የሚመልሱትን ያጥና።

ስለ ምቀኛው፣ ተረቱ ከውጭ የሚመጣውን ምቀኛ ነው የሚመርቀው። በደመወዝ ቀጥረህ ግቢህ ውስጥ አስገባው አላለም።

ጥያቄ

ሰላም። ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ቲፕ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። በዚህ ምክንያት በረንዳውን ለመያዝ በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው፣ የራሱ ጠረጴዛ ካልሆነ ደንበኛ ቢጠራ እንኳ ማንም ዞር አይልም። ሰብስበን እንካፈል ብል "ሰነፉን ልትቀልብ ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ከሐዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄያቸው ፍትሐዊ ነው፣ አትናቀው። ሁሉንም እኩል እንካፈል ካልክ ጎበዙ ይሸሻል። መሐል መንገድ ፈልጉ። ግማሹን ጠረጴዛውን የያዘው ሰው ይውሰድ፣ ግማሹ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ከሳጥኑ ላይ ባሬስታው፣ ወጥ ቤቶቹና እቃ አጣቢዋም ይድረሳቸው። ምግብ ሲዘገይ ቲፕ የምታጣው አንተ ነህ፣ ያዘገየው ግን ኪችኑ ነው፤ ኪችኑ ደግሞ ካንተ ቲፕ አምስት ሳንቲም አይቶ ስለማያውቅ ለምን ይቻኮልልህ? በረንዳውን በተራ ያዙ፣ ተራውን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በስልክ መክፈያ የሚገባው ቲፕ በማን ቁጥር እንደሚገባም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አሁን አሁን ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

በአንዴ "ከዛሬ ጀምሮ" አትበላቸው። ለአንድ ወር እንሞክረው በል። በዐቢይ ጾም፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ብትጀምሩት ይሻላል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ስለሚሆን ማንም ብዙ ያጣ አይመስለውም፣ ለፋሲካ ግርግር ስትደርሱ ሕጉ ተለምዷል። የሳጥኑን ቁልፍ ግን አንድ ሰው ብቻ አይያዘው፣ በየሳምንቱ ቀያይሩት፣ ሲቆጠርም ሁለት ሰው ይቁም።